ዳስ ውስጥ የታሰረው ብርሃን

ነገር ከአፍ ሲወጣ ደህና ነው። ጉዱ መንገድ ላይ ነው። መንገድ የጀመረን ነገር ሁለት በሽታ ይጠብቀዋል፤ አንዱ መድከም፣ ሌላው መበተን። መድከሙን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከወዲያኛው ሸንተረር ቆሞ ጎረቤቱን የሚጣራ ሰው ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ስም ከነአባት ስም ጨምሮ ይለቀዋል፤ ጥሪው ሸለቆውን ተሻግሮ እናንተ ጆሮ ሲደርስ ግን «ኦ…» ብቻ ነው የሚተርፈው። መበተኑ ከዚህ ይብሳል። የተበተነ ነገር ድምፁ አይቀንስም፤ እንዲያውም ይጨምራል። የሚጠፋው መልኩ ነው።

እኛ አገር አንድ ጊዜ ከቀበሌ «ሐሙስ የከብት ክትባት ስላለ ላሞቻችሁን ይዛችሁ ውጡ» የሚል መልእክት ተላከ። የተላከው በአንድ ሰው አፍ ነው። ያ ሰው ለጎረቤቱ፣ ጎረቤቱ ወፍጮ ቤት ወረፋ ለያዙት፣ ወፍጮ ቤቱ ደግሞ ለአገር ነገረ። መልእክቱ ወንዝ ተሻግሮ፣ ዳገት ወጥቶ፣ የመጨረሻው መንደር ሲደርስ «ሐሙስ ላም ይቆጠራል» ሆኖ አረፈው። በዕለቱ የክትባት ባለሙያው መርፌውን ደርድሮ ዋርካ ሥር ሲቀመጥ ያገሩ ላም በሙሉ ቆላ ወርዷል። ይቆጠራል ሲሉት ላሙን አሰልፎ የሚጠብቅ ገበሬ የምታውቁ ካላችሁ አስተዋውቁኝ፤ እኔ እስካሁን አልገጠመኝም።

ይህን ሁሉ የምለፈልፈው ወሬ ወድጄ አይምሰላችሁ። እንጀራዬ ስለሆነ ነው። እኔ የመስመር ሠራተኛ ነኝ። ቤቴ ፍኖተ ሰላም ነው፤ ሥራዬ ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም፣ ከዚያም ወደ ገጠሩ እየተገነጠለ በሚሄደው የፋይበር መስመር ላይ ምሰሶ ለምሰሶ መዞር ነው። ፋይበር ምን እንደሆነ የማታውቁ ከሆነ አትፈሩ፤ ከአለቆቻችን መካከልም የማያውቁት አሉ። ጥቁር ገመድ ነው። ገመዱን ልጣችሁ ሆድ ዕቃውን ብታዩ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስታወት ታገኛላችሁ። በዚያ መስታወት ውስጥ ብርሃን ብልጭ ድርግም እያለ ይሮጣል። ስልካችሁ ላይ የምታዩት ፎቶ፣ ለእናታችሁ የምትልኩት ድምፅ፣ በማታውቁት ሰው ገጽ ላይ ገብታችሁ የምትጽፉት ስድብ ሳይቀር በብልጭታ ነው የሚያልፈው።

ታዲያ ብርሃኑም ከወሬው የተሻለ ዕድል የለውም። ሲሄድ ይደክማል። መስታወቱ የቱንም ያህል ቢጠራ በየኪሎ ሜትሩ ጥቂት ጥቂት ይቆነጥርበታል፤ ገመድ ከገመድ በተጋጠመበት ቦታ ሁሉ ደግሞ ሌላ ይወስድበታል። በዚህ ላይ ይበተናል። መበተኑን ለማየት በገበያ ቀን ከአንድ መንደር ወደ ቡሬ የሚወርዱ ሰዎችን አስቡልኝ። ሲነሡ አንድ ላይ ናቸው፤ ሳቁም ጨዋታውም የጋራ ነው። ጉልበታሙ ቀድሞ ደርሶ በርበሬውን ሸጦ ጠጅ ቤት ሲገባ፣ አህያው ያነከሰችበት ገና ወንዝ እየተሻገረ ነው። ከኋላ የሌላ መንደር ሰዎች ተከትለው ከሆነማ የእነሱ ፈጣኖች ከኛ ዘገምተኞች ጋር ይቀላቀሉና፣ ገበያው መግቢያ ላይ የቆመ ሰው ማን ከየት እንደመጣ መለየት ያቅተዋል። ብልጭታውም እንዲሁ ነው። ተጠጋግቶ ተልኮ መንገድ ሲረዝምበት የፊተኛው ጅራት ከኋለኛው ራስ ጋር ይደባለቃል። ያን ጊዜ «ብርሃኑን ጨምሩበት!» የሚል ብልህ ከስብሰባው መካከል አይጠፋም። የተደባለቀ ገበያተኛ ላይ ብትጮሁበት ይለያል እንዴ?

የኛ የገጠር መስመር ግን ለመበተን እንኳን አልታደለም፤ አጭር ነው። የሱ ነገር ድካም ነው። ከሚያደክሙት ሁሉ ደግሞ እኔ የምጠላው ኩርባ ነው። ብርሃን ሰፊ መታጠፊያ አያስፈራውም፤ እየተንሸራተተ ያልፋል። ጠባብ ኩርባ ላይ ግን እየዘለለ ከመስታወቱ ይወጣል፤ የፍኖተ ሰላም ባጃጅ በሩጫ ሲታጠፍ ተሳፋሪውን እንደሚያራግፈው ማለት ነው። የወጣው ብርሃን የት ይሄዳል ትሉኝ ይሆናል። ሜዳ ይቀራላ! የት ይሄዳል?

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ከማንኩሳ አለፍ ብሎ፣ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ የሚል አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። ባለፈው ግንቦት ከዚያ ትምህርት ቤት ስልክ ተደወለልኝ። የደወለችው የኮምፒውተር መምህርቷ ሰዓዳ ናት። ሰዓዳ የቡሬ ልጅ ነች፤ አባቷ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ እሷም ሱቅ ትቀመጣለች ሲባል ገጠር ገብታ ማስተማርን መርጣ ቀረች። ስታወራ ድምፅዋን ከፍ አታደርግም፤ ካልሰማችኋት ግን ደግማ፣ ደጋግማ፣ እስክትሰሟት ትናገራለች።

«ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ ሁሉ ይከፈታል። ገጹ ግን ይዞራል ይዞራል፣ ከዚያ ይሞታል» አለችኝ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከቅዳሜ ወዲህ ነው። ሐሙስ የሙከራ ፈተና አለ። ከዞን መጥተው ያያሉ። ካልሠራ ማዕከልነታችን ይሰረዛል።»

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በኮምፒውተር መሆን ከጀመረ ወዲህ ትምህርት ቤቶች ሁሉ የራሳቸው የፈተና ማዕከል ለመሆን ይሟሟታሉ። የሰዓዳ ትምህርት ቤት ይህን ለማግኘት የሄደበትን እግር እኔ አውቃለሁ። ማዕከሉ ከተሰረዘ ተማሪዎቹ ፍኖተ ሰላም ሄደው፣ ቤት ተከራይተው፣ እያደሩ ይፈተናሉ ማለት ነው። በወረቀት ላይ ቀላል ነው። ወንዶቹ ይሄዳሉ። የሴቶቹ አባቶች ግን «ሴት ልጅ ከተማ ኪራይ ቤት አላሳድርም» ብለው ቁርጡን ነግረዋታል። ልመናም ሽማግሌም አልበገራቸውም። «ሴቶቹ ይቀሩብኛል፣ ጋሼ» አለች። አንጀቴን በላችው።

«ሐሙስ ይሠራል» አልኳት። ከአፌ ወጣ። ምን እንደሆነ ሳላውቅ፣ የት እንደሆነ ሳላይ ቃል ሰጠሁ። እኔ እንዲህ ነኝ፤ ሚስቴ ይህንን ጠባዬን በምን ስም እንደምትጠራው እዚህ አልጽፈውም።

ረቡዕ ጠዋት ሞተሬ ላይ መሰላሌን አስሬ ወጣሁ። ትምህርት ቤቱ ደርሼ መለኪያዬን ከመስመሩ ጋር አገናኘሁ። ይቺ መለኪያ ብርሃን ወደ መስታወቱ ትተኩስና የሚመለስላትን ትጠብቃለች፤ የተመለሰውን አይታ «ሕመሙ ከዚህ ይህን ያህል ይርቃል» ትላለች። ጎበዝ ሐኪም ናት፤ ብቻ ጣቷን አትቀስርም። ርቀቱን የምትናገረው በመስታወቱ ርዝመት ነው። ገመዱ ደግሞ ቢበጠስ መቀጠያ እንዳናጣ ብለን በሰፊው ጠቅልለን በአንዳንዱ ምሰሶ ላይ ያንጠለጠልነው ትርፍ አለው። ስለዚህ እሷ «እዚህ ነው» ስትል «እዚህ አካባቢ ሳይሆን አይቀርም» ማለቷ ነው። ቀሪው የእግር ሥራ ነው።

እኔም ሞተሬን እዚያው ትቼ መሰላሌን ትከሻዬ ላይ ጭኜ መስመሩን እየተከተልኩ ሄድኩ። ማሳው ሁሉ ለበቆሎ ታርሷል፤ በየጓሮው የበርበሬ ችግኝ ቀና ቀና ብሏል። ጥቂት እንደሄድኩ ከመንገዱ ዳር አንድ ትልቅ የሰርግ ዳስ አየሁ። ከፋሲካ በኋላ፣ የሰኔ ጾም ሳይገባ፣ አገሩ ሁሉ ይዳራል፤ ስለዚህ ዳስ ማየት ብርቅ አይደለም። ይኸኛው ግን የዳስ አለቃ ነበር። ባሕር ዛፉ ቀጥ ብሎ ተተክሎ፣ ቅጠሉ ጥቅጥቅ ብሎ ተደርቦ፣ ሲታይ ያስቀናል። ገመዱ በአንድ በኩል ወደ ቅጠሉ ገብቶ በሌላ በኩል ይወጣል። ደህና ነው አልኩ።

ባለቤቱ ደጃፉ ላይ ቆመዋል። አያ ምንይችል ይባላሉ፤ ረጅም፣ ከሲታ፣ ጺማቸውን በጣታቸው የሚያበጥሩ ሰው ናቸው። «ወንድም ዓለም፣ ግባና ጉሮሮህን አርጥብ» አሉኝ። ሥራ ላይ ነኝ አልኳቸው። «ሥራ የት ይሄዳል? በሞቴ ግባ!» አሉ። ስመለስ እገባለሁ ብዬ አለፍኩ። ቆራጥ ሰው ነኝ እኮ። ጠላ አይደለም ጠጅ ቢያቀርቡልኝ ከዓላማዬ ንቅንቅ እንደማልል ለራሴ እየነገርኩ ሄድኩ።

መገጣጠሚያው ሣጥን ያለበት ምሰሶ ላይ ወጥቼ ሣጥኑን ከፈትኩ፣ ጠረግኩ፣ አንዱን መስታወት ቆርጬ እንደገና በየድኩት። ወረድኩ። ለሰዓዳ ደወልኩ። «ይዞራል?» አልኳት። «ይዞራል» አለች። ወደሚቀጥለው ምሰሶ ሄድኩ፤ ምንም የለም። ወደዚያኛው ሄድኩ፤ ወፍ ጎጆ ሠርታበታለች እንጂ ገመዱ ጤነኛ ነው። ፀሐይዋ አናቴን ትበሳለች፤ መሰላሉ ትከሻዬን ልጦታል። ተመልሼ በዳሱ ሳልፍ አያ ምንይችል አሁንም ቆመዋል። «የናቅኸን እንደሆነ ንገረን» አሉ፤ አሁን አልሳቁም። ይቅርታ አባቴ፣ ነገ ሐሙስ ነው አልኳቸውና አለፍኩ። ሐሙስ መሆኑ ከሳቸው ጠላ ጋር ምን እንደሚያገናኘው አልገባቸውም፤ ይፍረዱብኝ።

ትምህርት ቤት ስደርስ እልህ ይዞኝ ነበር። ሰዓዳ ፊቴን አየች። ሻርፗን አስተካክላ «አብሬዎት ልሂድ» አለች። መሰላሌን እንደተሸከምኩ ሁለት ሆነን ሄድን። ዳሱ ጋ ስንደርስ ከውስጥ አንዲት ልጅ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ሮጣ ወጣችና የሰዓዳን አንገት አቀፈች። ባንቺአየሁ ትባላለች፤ የአያ ምንይችል ልጅ፣ የሰዓዳ ተማሪ፣ የዘንድሮ ተፈታኝ። የሚያገባው ወንድሟ ነው። አያ ምንይችል «የልጄ መምህርት ናት! አሁንም አትገቡም?» አሉ። እኔ አፌን ስከፍት ሰዓዳ «እንዴ፣ እንገባለን እንጂ!» ብላ ጫማዋን እያራገፈች ገባች። ምን ላድርግ? ገባሁ።

ሰው ጨዋ ነው። ሰዓዳ እስላም መሆኗን ያውቃሉና ለሷ ማርና ቆሎ በንጹሕ ሳህን ለብቻው መጣላት፤ ለኔ በጣሳ ሙሉ ጠላ ተቀዳልኝ። አንድ መሪጌታና ሌሎች ሽማግሌዎች መደቡ ላይ ተቀምጠው ስለ ሰርጉ ይመክራሉ። ጣሳውን ተቀብዬ ቶሎ ጨልጬ ልውጣ ብዬ አንገቴን ቀና አደረግኩ።

አየሁት።

ዳሱ መካከል ላይ ጣሪያውን የተሸከመው ምሰሶ የኔ ምሰሶ ነው! ይህ ሁሉ ባሕር ዛፍ የተጋደመው የመስሪያ ቤታችን የመስመር እንጨት ላይ ነው። ለካ ምሰሶው የቆመው እሳቸው ግቢ ውስጥ ነበርና፣ እግዜር የተከለውን ዋልታ ትቶ ሌላ መትከል ለምን ብለው ዳሱን ዙሪያውን ሠርተውበታል። ይሁን፤ እንጨት እንጨት ነው። ያሳበደኝ ሌላ ነው። እዚያ ምሰሶ ላይ በሰፊው ጠቅልለን ያንጠለጠልነው ትርፍ ገመድ አሁን ሰፊ አልነበረም። ገበሬ የጭነት ገመዱን ሲያሳርፍ በመዳፉና በክርኑ መካከል እያመላለሰ እንደሚጠቀልለው ጥብቅ ተደርጎ ተጠቅልሎ፣ ወገቡ በልጥ ጥፍር ተደርጎ ታስሯል። ያማረ አስተሳሰር ነው። አይላላም፣ አይፈታም፣ ብርሃንም አያሳልፍም።

«ይህን ማን አሰረው?» አልኩ፤ ድምፄ ጨምሮ ነበር መሰል ሽማግሌዎቹ ምክራቸውን ትተው ወደኔ ዞሩ።

«እኔ!» አሉ አያ ምንይችል ደረታቸውን ነፍተው። «ተንዘርፍፎ ዓይን ሲወጋ ነበር። ሰርገኛው ሰክሮ ቢጎትተውስ? የልጄ ፈተና በዚህ ነው የሚያልፍ ብላኛለች ባንቺ። ስለዚህ ቅዳሜ ዳሱን ስንሠራ በገዛ እጄ ሸብ አደረግሁት። ከንግዲህ ዝንጀሮም አይፈታው።»

ሰዓዳና እኔ ተያየን። ቅዳሜ። እንዴት እንደምነግራቸው ቸገረኝ። አገር ምድሩን ብዞር ያንን ገመድ እንደሳቸው የወደደው ሰው አላገኝም፤ አንቆ የያዘውም እሱው ፍቅራቸው ነው። እንደምንም ብዬ ነገርኳቸው። ውሃ በጎማ ቱቦ ሲሄድ ቱቦው ከታጠፈ ምን ይሆናል አልኳቸው። ገባቸው። ፊታቸው ዓመድ መሰለ። «እኔው ነኝ በለኛ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ሰው ሲያፍር ማየት አልወድም፤ በተለይ በሰርጉ ቤት።

እንፍታው አልኩ። አሁን ደግሞ ሌላ ጉድ ፈላ። ማገሮቹ የታሰሩት በጥቅሉ ላይ ተደርበው ስለሆነ እሱን ለመፍታት ጣሪያውን ማንሳት ያስፈልጋል። የአያ ምንይችል ባለቤት ይህን ሲሰሙ ከጓዳ ብቅ አሉ። «የሰርግ ዳስ ሙሽራ ሳይገባበት ሊፈርስ? ኧረ በስመ አብ በሉ! ልጄ ላይ ሟርት ልታመጡ ነው?» ሽማግሌዎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዱ እሁድ ሰርጉ ሲያልፍ ይፈታ አለ። ሌላው ፈተናውን ለሰኞ ለምን አያደርጉትም አለ። እኔ ተናደድኩ። ነገ ሐሙስ ነው፣ ነገ ካልሠራ ማዕከሉ ይሰረዛል፣ ከተሰረዘ እሁድም ሰኞም የለም እያልኩ ጮህኩ። አያ ምንይችል አንዴ ሚስታቸውን፣ አንዴ ጣሪያውን ያያሉ። ከሁለት ቢላ መካከል የገባ ሰው መስለዋል።

ባንቺአየሁ እስከዚህ ድረስ ከሰዓዳ ጎን ቆማ ነበር። አሁን ወደ አባቷ ቀረብ አለች። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። «አባየ» አለች፣ «ነገ ካልሠራ፣ ፍኖተ ሰላም ሄጄ አድሬ እንድፈተን ይፈቅዱልኛል?»

አያ ምንይችል ጺማቸውን ያዙ። እንዲፈቅዱላት ሊለምኑ የመጡትን የሰዓዳን ሽማግሌዎች ሦስቴ መልሰዋል፤ አሁን አዎ ቢሉ ቃላቸውን ሊበሉ፣ የለም ቢሉ ልጃቸውን ከፈተና ሊያስቀሩ ነው። በዓይናቸው መሪጌታውን ለመኑ።

መሪጌታው መቋሚያቸውን መሬት ላይ አኖሩ። «ማፍረስ ምንድን ነው?» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን ለጣሪያው። «ማፍረስ ማለት ምሰሶ መንቀል ነው። ምሰሶው ቆሞ ሳለ ቅጠል ገለጥ ቢደረግ፣ ማገር ላላ ቢደረግ፣ ይህ አየር ማስገባት ነው። አየር የገባበት ዳስ ፈረሰ የሚል መጽሐፍ እኔ አላነበብሁም።»

በሕይወቴ ስንት የመስሪያ ቤት ስብሰባ ተቀምጫለሁ፤ እንዲህ ያለ ውሳኔ ሰጭ አላየሁም። የባለቤቲቱ ፊት ፈታ አለ። አያ ምንይችል ከኔ ቀድመው መሰላሉን ይዘው ነበር። ቅጠሉን ገልጠን፣ ማገሩን አላልተን፣ ልጡን በጥንቃቄ በጠስኩት። ገመዱ ሲላላ እኔም አብሬው ተነፈስኩ።

ግን ገና ነው። ገመዱን በሰፊው ለቅቀን ብንተወው እሁድ ስንቱ ዘፋኝ ከሥሩ ይዘላል፤ አንዱ እጁን ያነሳና ጣጣ ነው። ሰፊ ሆኖ፣ ክብ ሆኖ፣ የሚያጸናው ነገር ያስፈልገኛል። ጓዳውን ሳይ ጋን አየሁ፤ ሆዱ ልክ ነው፣ ግን ጠላ ተጠንስሶበታል፣ ማን አባቱ ይንካው? ከጋኑ በላይ ግድግዳው ላይ አንድ ሰፌድ ተሰቅሏል። አዲስ፣ ቀይና አረንጓዴ፣ ስፋቱ ለብርሃን የተለካ የመሰለ። ጣቴን ቀሰርኩ። «እሱማ የሙሽሪት ነው!» አሉ ባለቤቲቱ። አያ ምንይችል አላመነቱም። «ሙሽሪት ሌላ ይሰፋላታል» አሉ፤ ባንቺአየሁ ሰፌዱን አውርዳ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

ገመዱን የሰፌዱን ዳር ዳር አስይዤ እያዞርኩ በሲባጎ ሰፋሁት። አያ ምንይችል ክሩን ይስቡልኛል። «ላላ ይበል?» ይላሉ፤ ላላ ይበል እላለሁ። እንዲህ ያለ ጠንቃቃ ረዳት መስሪያ ቤቱ አልሰጠኝም። ሰፌዱን ምሰሶው ላይ ከፍ አድርገን ሰቀልነው፤ ማገሩን መለስን፣ ቅጠሉን ደረብን። ሰዓዳ ቀድማ ትምህርት ቤት ሄዳ ነበርና ደወለች። «ጋሼ፣ ተከፈተ! ሁሉም ተከፈተ!» እንዳልኳችሁ ድምፅዋን ከፍ አታደርግም። ያን ቀን ግን ስልኬን ከጆሮዬ አራቅኩት። ደስ አለኝ፤ ለምን እደብቃችኋለሁ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። አያ ምንይችል ጣሳዬን ሞሉልኝ፤ አሁን ያለ ክርክር ጠጣሁ።

ሐሙስ ጠዋት ሌላ ቦታ ልሄድ አልቻልኩም። ዳሱ ውስጥ ተቀምጬ ሰፌዱ ላይ ዓይኔን ተከልኩ። እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ የሰርግ ቤቱ ሥራ ሁሉ ቆሟል። አያ ምንይችል ደጃፉን ዘግተው ዶሮ እንኳን አያሳልፉም። እንጨት ፈላጩን ከወንዝ ማዶ ፍለጥ ብለው ሰደዱት፤ ንዝረቱ ብርሃኑን እንዳያስደነግጠው ነው። ንዝረት ምንም አያደርገውም ልላቸው አሰብኩና ተውኩት። ስልኬ ሲጠራ ሁላችንም ዘለልን። «አለፈ፤ ማዕከላችን ጸደቀ» አለች ሰዓዳ። ባለቤቲቱ እልልታውን ሲያቀልጡት ጎረቤት ሙሽሪት የመጣች መስሎት ሮጦ መጣ።

እሁድ ሰርጉ ሆነ። እኔም ተጠርቼ ነበር። ሰርገኛው ከፍ ብሎ የተሰቀለውን ሰፌድ እያየ «እንዴት ያለ ጌጥ ነው!» ይላል። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ መንደር ዳስ ላይ ሰፌድ ተሰቅሎ ማየቴን ስነግራችሁ አትሳቁ። እዚያኛው ላይ ገመድ የለም፤ ፋሽን ነው።

ሰርጉ ካለፈ በኋላ ክረምቱ ሳይከፋ ትክክለኛውን ማንጠልጠያ ይዤ ሄድኩ። በመስሪያ ቤታችን ደንብ መስመር በሰፌድ አይያዝም። የሙሽራው ቤት ጸጥ ብሏል፤ ዳሱ ግን እንደቆመ ነው፤ በዝናቡ ቅጠሉ ጠቁሯል፣ ከሥሩ ጥጃ ታስሯል። አያ ምንይችል ማንጠልጠያውን ገልብጠው አዩት። «መስመሩ ይሠራል?» አሉ። ይሠራል። «ታዲያ የሚሠራውን ለምን ትነካዋለህ? ልጄ እስክትፈተን አይነካም» አሉኝ። ጎረቤቶቻቸው «ሌላ ሰርግ አለ ወይ?» እያሉ ሲጠይቋቸው እንደከረሙ በኋላ ሰማሁ። ሚስታቸው ዳሱ የሚፈርስበትን ቀን ሲጠብቁ፣ እሳቸው አንዲት ማገር ሳያስነኩ ሰኔ አለቀ።

ሐምሌ ውስጥ ፈተናው ተሰጠ። ባንቺአየሁ እቤቷ እያደረች፣ ከጓደኞቿ ጋር ጭቃውን እየረገጠች፣ በገዛ ትምህርት ቤቷ ተፈተነች። አንዷም ሴት አልቀረችም። ፈተናው ባለቀ ማግሥት እኔም መሰላሌንና ማንጠልጠያዬን ጭኜ፣ አሁንስ ማን ይከለክለኛል ብዬ ሄድኩ። ዳሱ ወደ አንድ ጎን ዘመም ብሏል፤ ሰፌዱ ቀይና አረንጓዴው ደብዝዞ አሁንም ምሰሶው ላይ ነው። አያ ምንይችል ከሥሩ ተቀምጠዋል።

«አያ ምንይችል፣ እንግዲህ ፈተናው አለቀ» አልኳቸው። «ዳሱን እናፍርስና ገመዱን ወደ ቦታው ልመልሰው።»

ቀና ብለው ሰፌዱን አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ፤ አንድ ነገር የጎደለው ሰው እንደሚታየው አድርገው።

«ውጤቱስ?» አሉኝ።

«ውጤቱ ምን ሆነ?»

«በየት በኩል ነው የሚመጣ?»

መሰላሌን መልሼ ሞተሬ ላይ አሰርኩት።